ሻዩ ትኩስ አልነበረም፦ ስለ ጠፉ ሰዎች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። በታሪክ ውስጥ ደብዛቸው ስለጠፋ ሰዎች ነው። "ይሄን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም" ብሎ ጽፎበታል። እኔም ቁጭ ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጸሐፊው ጥሩ ብዕር አላቸው። አንባቢን ይዘው የመሄድ ችሎታቸው የሚካድ አይደለም። አንብቤ ስጨርስ ግን ከመደነቅ ይልቅ ቅር አለኝ። ከጻፉት ውስጥ ብዙው አልሆነም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ስድስት ታሪኮችን ያነሳሉ። ሰው አልባ ሆና የተገኘችው ሜሪ ሰለስት መርከብ፣ የሮአኖክ ሰፋሪዎች፣ የፍላናን ደሴት የመብራት ማማ ጠባቂዎች፣ ቤርሙዳ አካባቢ የጠፉት አምስት የጦር አውሮፕላኖች፣ አብራሪዋ አሜሊያ ኤርሃርት፣ በመጨረሻም የማሌዢያው አውሮፕላን። ከዚያ ሦስት ነገር ይደመድማሉ። ሰዎቹ የጠፉት በተፈጥሮ ሕግ ሊብራራ በማይችል መንገድ ነው ይላሉ። ሳይንስ ፈልጎ ፈልጎ እጁን ሰጥቷል ይላሉ። ቤተሰቦቻቸውም ሳይቀሩ መልስ እንደሌለ ተቀብለው ኖረዋል ይላሉ። በሦስቱም አልስማማም። በመጨረሻው ግን በጣም አዝኛለሁ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በሜሪ ሰለስት ልጀምር፤ እሳቸውም የጀመሩት በእሷ ነው። መርከቧ ውቅያኖስ መካከል ስትንሳፈፍ ተገኘች ይላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሻዩ ገና ይጨሳል። ቁርሱ ተጀምሮ አላለቀም። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሁሉ በየቦታቸው ተሰቅለዋል። ሰው ግን የለም።

ይሄን ታሪክ እኔም ለዓመታት አምኜው ለሌሎች ተርኬዋለሁ። ስለዚህ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

መርከቧ ከኒው ዮርክ የተነሳችው ኖቬምበር 7 ቀን 1872 ነው። ወደ ጣሊያኗ ጄኖዋ የሚሄድ 1,701 በርሜል አልኮል ጭናለች። ካፒቴኑ ቤንጃሚን ብሪግስ ናቸው። ባለቤታቸው ሣራ እና የሁለት ዓመት ልጃቸው ሶፊያ አብረዋቸው አሉ። ከሰባቱ መርከበኞች ጋር አሥር ሰው ይሆናሉ። ትልቁ ልጃቸው አርተር ትምህርት እንዳይቋረጥበት ከአያቱ ጋር ቀርቷል። ዲሴምበር 4 ቀን ደይ ግራሲያ የምትባል ሌላ መርከብ በአዞረስ ደሴቶችና በፖርቱጋል መካከል አገኘቻት።

ከደይ ግራሲያ ተሻግረው መርከቧን የፈተሹት ሰዎች ጅብራልታር በዋለው ችሎት ቀርበው ያዩትን ተናግረዋል። ቃላቸው ተመዝግቧል። የተሰናዳ ገበታ አላዩም። ትኩስ ሻይ ሊኖርም አይችልም ነበር። መርከቧ ላይ የመጨረሻው የጉዞ ማስታወሻ የተጻፈው ኖቬምበር 25 ነው። መርከቧ ስትገኝ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጀልባዋ አልነበረችም። የካፒቴኑ የአቅጣጫ መለኪያ መሣሪያዎችና የመርከቧ ሰነዶችም አልተገኙም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በድንገት የተነጠቀ ሰው መሣሪያውንና ወረቀቱን ሰብስቦ አይሄድም። እነዚህ ሰዎች ወደ ጀልባዋ የወረዱት ራሳቸው ወስነው ነው።

ታዲያ ጀልባዎቹ በቦታቸው ነበሩ የሚለው ከየት መጣ? ከልብ ወለድ። በ1884 አርተር ኮናን ዶይል፣ ያኔ ገና ስሙ ያልገነነ ወጣት ደራሲ፣ ይህን አደጋ ተንተርሶ አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። የመርከቧን ስም እንኳ ለወጥ አድርጎ "ማሪ ሰለስት" አላት። ጀልባዎቹን በቦታቸው የሰቀላቸው እሱ ነው። ደራሲ ነውና መብቱ ነው። ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ልብ ወለዱን ከምስክሮቹ ቃል ጋር የቀላቀሉት ሰዎች ነው። አንዱ ሻይ ጨመረ፣ ሌላው ቁርስ ጨመረ፣ ታሪኩ ሲንከባለል ዛሬ ደረሰ።

ለምን ወረዱ ለሚለው ጥያቄ ማስረጃዎቹ ዝም አላሉም። የመርከቧ ሆድ ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ውኃ ነበር። ከፓምፖቹ አንዱ ተፈታትቷል። የውኃውን ጥልቀት የሚለኩበት ዘንግ ላይኛው ወለል ላይ ተጥሎ ተገኝቷል። ገመዶች ከመርከቧ ጎን ላልተው ተንጠልጥለዋል። ጭነቱ ጄኖዋ ላይ ሲራገፍ ዘጠኝ በርሜሎች ባዶ ሆነው ተገኙ። ካፒቴኑ ወይ መርከቧ እየሰመጠች መስሏቸዋል፣ ወይ የአልኮሉ ተን ይፈነዳል ብለው ሰግተዋል። ሕፃን ልጅ ይዘዋል። ጀልባዋን በገመድ ከመርከቧ ጋር አስረው ሁኔታው እስኪረጋጋ ለመጠበቅ ፈልገው ይሆናል። ገመዱ ከተበጠሰ ደግሞ ሸራዋን ዘርግታ የምትሄድን መርከብ እየቀዘፉ መድረስ አይቻልም። ይሄ ግምት ነው። ያያቸው ሰው ስለሌለ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ግን ግምቱ የተነሳው ከውኃው፣ ከፓምፑና ከጀልባዋ ነው። የጸሐፊው "ሌላ ዓለም" ግን ከሻዩ ነው የተነሳው። ሻዩ ደግሞ የለም።

ቀጥለው ያነሱት ሮአኖክን ነው። በ1587 ወደ 115 የሚጠጉ እንግሊዛውያን ዛሬ ሰሜን ካሮላይና በምትባለው ምድር ዳርቻ፣ ሮአኖክ ደሴት ላይ ሰፈሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድም ሰው አልተገኘም። ምሰሶ ላይ "ክሮአቶአን" የሚል ቃል ተቀርጿል። ጸሐፊው የዚህ ቃል ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም ብለዋል።

እዚህ ላይ ንባቤን አቋርጬ ደግሜ አየሁት። በእርግጥም እንደዚያ ነው የጻፉት። ቃሉ ግን የቦታ ስም ነው። ዛሬ ሃተራስ የምትባለው ደሴት ያኔ ክሮአቶአን ትባል ነበር። ነዋሪዎቿም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ከእንግሊዞቹ ጋርም ወዳጅነት ነበራቸው። የሰፈራው መሪ ጆን ዋይት ስንቅ ለማምጣት ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ከሰዎቹ ጋር ተስማምተው ነበር። ቦታ ከቀየራችሁ የምትሄዱበትን ስም ቅረጹ። በችግር ተገዳችሁ ከሆነ መስቀል ጨምሩበት። ከስፔን ጋር የተነሳው ጦርነት መንገድ ዘጋባቸውና ዋይት የተመለሱት ኦገስት 18 ቀን 1590 ነው። ያ ቀን እዚያው የተወለደችው የልጅ ልጃቸው የቨርጂኒያ ዴር ሦስተኛ የልደት ቀን ነበር። ቤቶቹ በሥርዓት ፈርሰው ተነስተዋል። ስሙ ተቀርጿል። መስቀል ግን የለም።

አድራሻ ነው የተዉላቸው። ዋይትም ምልክቱን ሲያዩ ሰዎቻቸው በደህና እንዳሉ አምነው እንደተደሰቱ ራሳቸው ጽፈዋል። ወደ ክሮአቶአን እንዳይሄዱ ያገዳቸው ማዕበሉና ተቆርጦ የቀረው መልሕቅ ነው። በ1709 ደግሞ ጆን ሎውሰን የተባለ ተጓዥ የሃተራስ ነዋሪዎች ያሉትን በመጽሐፉ አስፍሯል። ከቅድመ አያቶቻችን አንዳንዶቹ ነጮች ነበሩ፣ መጽሐፍም ማንበብ ይችሉ ነበር ብለውታል። በደሴቲቱ ላይ በተደረጉ ቁፋሮዎችም የእንግሊዝ ዕቃዎች ወጥተዋል። ሁሉም አንድ ቦታ ሄዱ ወይስ ተከፋፈሉ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ክርክሩ ግን "የት የት ኖሩ" የሚል ነው። "ምን ዋጣቸው" የሚል አይደለም።

ከሁሉም ያስቆጣኝ የፍላናን ደሴት ክፍል ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ፍላናን ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ያሉ፣ ሰው የማይኖርባቸው ገደላማ ደሴቶች ናቸው። በዲሴምበር 1900 በመብራት ማማው ላይ ሦስት ጠባቂዎች ነበሩ። ጄምስ ዱካት፣ ቶማስ ማርሻል እና ዶናልድ ማካርተር። ሄስፐረስ የምትባለው መርከብ ተረኛውን ጠባቂ ጆሴፍ ሙርን ይዛ ዲሴምበር 26 ስትደርስ የሚቀበላት ሰው አልነበረም። ሙር ብቻውን ሽቅብ ወጣ። በሩ ተዘግቷል። እሳቱ ጠፍቷል። አልጋዎቹ ባዶ ናቸው።

ጸሐፊው የሚነግሩን ግን ሌላ ነው። ምግቡ በከፊል ተበልቶ፣ ወንበሩ ተገልብጦ ነበር ይላሉ። ቀጥለው ከማማው መዝገብ ላይ ነው ያሉትን ይጠቅሳሉ። ሰዎቹ በማዕበል ተሸብረው ሲያለቅሱና ሲጸልዩ ሰነበቱ፣ ጠንካራው ማካርተር እንኳ አነባ ይላሉ።

ምግቡና ወንበሩ የመጡት ዊልፍሪድ ጊብሰን የተባለ ገጣሚ ስለ አደጋው ከጻፈው ግጥም ነው። ሙር ግን ወጥ ቤቱና ዕቃው ንጹሕ እንደነበር ጽፏል። የለቅሶው መዝገብ ደግሞ ጭራሽ የለም። በ1929፣ ከአደጋው ከ29 ዓመት በኋላ፣ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ያወጣው ፈጠራ ነው። እውነተኛው መዝገብ እስከ ዲሴምበር 13 ያለውን ይዟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነው፤ የመጨረሻው የዲሴምበር 15 ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ይዘቱ የአየር ሁኔታ ነው። እስቲ አስቡት። የመንግሥት ሥራ መዝገብ ነው። የበታች ሠራተኛ አለቃው የሚያየው መዝገብ ላይ "አለቃዬ ዛሬ ዝም ብሏል፣ ጓደኛዬ ያለቅሳል" ብሎ ይጽፋል? የትኛውም መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

የተገኘው ማስረጃ ግን ማንም ሄዶ ሊያየው የሚችል ነበር። ጉዳዩን ለመመርመር የሄዱት ተቆጣጣሪ ሮበርት ሙርሄድ ምዕራባዊውን የመርከብ መውረጃ ፈተሹ። የብረት መከላከያው ተጣሟል። ከባሕሩ በላይ 33 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ የተቀመጠ የገመድ ሣጥን ተሰባብሮ ገመዱ ተበትኗል። ማዕበሉ እዚያ ድረስ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ከሦስቱ የአንዱ፣ የማካርተር፣ የዝናብ ልብስ እቤት ቀርቷል። የሙርሄድ ድምዳሜ ሰዎቹ ዲሴምበር 15 ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ለማሰር ወርደው ድንገተኛ ማዕበል ጠረጋቸው የሚል ነው። ማካርተር የዝናብ ልብሱን ሳይለብስ ለምን ወጣ? ምናልባት ሁለቱ ሲወሰዱ አይቶ ሊደርስላቸው ሮጦ ይሆናል። ይሄኛው የእኔም የብዙዎችም ግምት ነው።

ጸሐፊው ይሄን ቢያስቡልኝ ደስ ይለኛል። ማስረጃው የሚያሳየን ሥራቸውን ሲሠሩ የሞቱ ሦስት ሠራተኞችን ነው። ምናልባትም አንዱ ጓደኞቹን ሊያድን ሲሮጥ የሞተ ነው። የውሸቱ መዝገብ ግን በፍርሃት ያበዱ ሰዎች አድርጎ ሳላቸው። ሰዎቹ ስም አላቸው። ልጆችም ጥለው ሄደዋል። ጥቂት ድንጋጤ ለመሸጥ ብሎ በሙታን አፍ ላይ ያላሉትን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ወደ ቤርሙዳ እንሂድ። ዲሴምበር 5 ቀን 1945 አምስት አቬንጀር የጦር አውሮፕላኖች 14 ሰው ይዘው ከፍሎሪዳው ፎርት ላውደርዴል ለልምምድ ተነሱ። አልተመለሱም። ሊፈልጋቸው የወጣው 13 ሰው የያዘ የባሕር አውሮፕላንም ጠፋ። በአንድ ምሽት 27 ሰው። ይሄ እውነት ነው። የአምስቱ አውሮፕላኖች ስብርባሪ እስከ ዛሬ አለመገኘቱም እውነት ነው። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን አየሩ ጥርት ያለ ነበር፣ ባሕሩም የተለየ መልክ እንደነበረው አብራሪዎቹ በሬዲዮ ተናግረዋል የሚሉት አይደገፍም። ሲነሱ አየሩ ደህና ነበር፤ እየመሸ ሲሄድ ግን ተበላሸ፣ ባሕሩም ተናወጠ። የሬዲዮ ንግግሩ በባሕር ኃይሉ የምርመራ ሰነድ ውስጥ አለ። እንግዳ ባሕር የሚል ነገር የለበትም። ያለው የሚያሳዝን የሰው ስህተት ነው። አሰልጣኙ ጀማሪ አልነበሩም፤ ቻርለስ ቴይለር የሚባሉ ልምድ ያላቸው መኮንን ናቸው። ኮምፓሶቼ ተበላሹ አሉ። ከታች ያዩዋቸውን ደሴቶች በፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ያሉት ናቸው ብለው አመኑ። እውነተኛ ቦታቸው ግን ከባሃማስ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ወደ የብስ እየመሩ ሲመስላቸው ወደ ውቅያኖሱ መሩ። ከሰልጣኞቹ አንዱ ወደ ምዕራብ ብንበር እኮ እቤታችን እንገባ ነበር ሲል በሬዲዮ ተሰምቷል። አመሻሹ ላይ ከየጣቢያው የተሰበሰበው የሬዲዮ ምልክት ግምታዊ ቦታቸውን አሳይቶ ነበር፤ መረጃው ግን አልደረሳቸውም። ቴይለር መጨረሻ ላይ ያሉት የመጀመሪያው አውሮፕላን ነዳጅ 10 ጋሎን ሲደርስ ሁላችንም አብረን እንወርዳለን የሚል ነው። ጨለማ ነው። ባሕሩ ተቆጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ምስጢር ይፈለጋል?

ስለ ፈላጊው አውሮፕላንም ጸሐፊው የተዉት ነገር አለ። ያ ዓይነት አውሮፕላን የነዳጅ ተን በውስጡ የሚጠራቀምበት በመሆኑ ይፈራ ነበር። ከተነሳ ከ23 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጌንስ ሚልስ የምትባል መርከብ ከባሕሩ ላይ ነበልባል ሲነሳ አየች። ዘይት የተንሳፈፈበት ውኃም አለፈች። "የቤርሙዳ ትሪያንግል" የሚለው ስም ራሱ የወጣው ከ19 ዓመት በኋላ በ1964፣ በአንድ መጽሔት ላይ ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ እንዲህ የሚባል የተለየ የአደጋ ቀጠና አላውቅም ይላል።

በአሜሊያ ኤርሃርት ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው ጃፓኖች እንደማረኳት ያሳያል ያሉት ፎቶ በ2017 በቴሌቪዥን የወጣው ነው። ፎቶው በወጣ በቀናት ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ጦማሪ በ1935 በታተመ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ አገኘው። ኤርሃርት የጠፋችው ጁላይ 2 ቀን 1937 ነው። ከመጥፋቷ ሁለት ዓመት በፊት የታተመ ፎቶ የመማረኳ ማስረጃ አይሆንም። የምትፈልጋት ሃውላንድ ደሴት ርዝመቷ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከኒው ጊኒ ተነስታ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ አቋርጣ ነው ያቺን ነጠብጣብ የምትፈልገው። እዚያ ትጠብቃት የነበረችው መርከብ ድምፅዋን ትሰማለች፤ እሷ ግን የመርከቧን ንግግር መስማት አልቻለችም። በላያችሁ ላይ መሆን አለብን፣ ግን አላየናችሁም፣ ነዳጅም እያለቀ ነው አለች። ባሕር ውስጥ ወደቀች ወይስ ሌላ ደሴት ላይ አረፈች የሚለው አልተቋጨም። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ።

የማሌዢያው አውሮፕላን ከባዱ ነው። ማርች 8 ቀን 2014 ከኳላ ላምፑር ወደ ቤጂንግ ሲበር 239 ሰው ይዞ ጠፋ። ጸሐፊው ስልክ እንኳ በሳተላይት በሚገኝበት ዘመን ይሄን የሚያህል አውሮፕላን ያለ ድብቅ እጅ ሊጠፋ አይችልም ይላሉ። ይሄ ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያሳምን ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ራዳር ዓለምን ሁሉ አያይም። ከየብስ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከራቁ በኋላ ውቅያኖስ ላይ የሚያይዎት የለም። አውሮፕላኑ ማንነቱንና ቦታውን የሚናገርበት መሣሪያ መሥራት አቁሟል። ከሳተላይት ጋር የቀረው ግንኙነት በሰዓት አንድ ጊዜ ገደማ "አለህ? አለሁ" እንደማለት ያለ አጭር ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ቦታ አይናገርም። የሳተላይቱ ባለቤት የሆነው የኢንማርሳት ኩባንያ መሐንዲሶች ግን ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜና የድግግሞሹን ለውጥ አስልተው አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ እንደሄደ አሳዩ። በጁላይ 2015 የክንፉ አንድ አካል ሬዩኒየን ደሴት ዳርቻ ተገኘ። ሌሎች ስብርባሪዎችም በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻዎች ወጡ። ስለዚህ ወደ ሌላ ዓለም አልሄደም። ባሕር ውስጥ ነው።

ታዲያ ለምን አልተገኘም? 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የባሕር ወለል ተፈትሿል። ጥልቀቱ በአብዛኛው ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። በ2009 የወደቀውን የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን አስታውሱ። የት አካባቢ እንደወደቀ ይታወቅ ነበር። ስብርባሪውም በቀናት ውስጥ ተንሳፎ ታይቷል። እንዲያም ሆኖ ዋናው አካሉ ከባሕሩ ወለል የተገኘው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የወደቀበት ቦታ በማይታወቅበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ መገመት ይቻላል። ማን አቅጣጫውን አስቀየረ፣ ለምንስ? የማሌዢያ መርማሪዎች በ2018 ባወጡት ሪፖርት መወሰን አልቻልንም ብለዋል። ይሄ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ክፍት ነው። የእነዚያ 239 ሰዎች ዘመዶች ለጥያቄው የሚመጥን መልስ ይገባቸዋል።

ሳይንስ እጁን ሰጥቷል ስላሉት ደግሞ አንድ ታሪክ ላንሳ፤ ጸሐፊው አላነሱትም። በ1845 እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሰር ጆን ፍራንክሊን ኤረበስ እና ቴረር በሚባሉ ሁለት መርከቦች 129 ሰው ሆነው ወደ አርክቲክ ሄዱ። አንድም ሰው አልተመለሰም። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ አሳሽ የአርክቲክ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት የኢኑይት ሰዎች የነገሩትን ይዞ መጣ። ነጮቹ በረሃብ አለቁ፣ መጨረሻ ላይም የሞቱትን ሥጋ በሉ አሉት። እንግሊዝ ውስጥ ይሄን መስማት የፈለገ አልነበረም። ቻርለስ ዲከንስ ራሱ በሚያሳትመው መጽሔት የኢኑይቶቹን ቃል እምነት የማይጣልበት ብሎ አጣጣለው። ኢኑይቶቹ ግን ታሪኩን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖሩ። አንዷ መርከብ የት አካባቢ እንደሰመጠች ይናገሩ ነበር። በ2014 ኤረበስ የተገኘችው እነሱ ባሉበት አካባቢ ነው። በ2016 ቴረር የተገኘችው ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የአካባቢው ኢኑይት ከዓመታት በፊት ከበረዶው ወጥቶ ያየውን ምሰሶ ለፈላጊዎቹ ስለነገራቸው ነው። የተገኙት አጥንቶችም በዘረመል ምርመራ የማን እንደሆኑ መለየት ጀምሯል። በ2021 የኤረበስ መሐንዲስ የነበረው ጆን ግሪጎሪ ታወቀ። መልሱ ለ160 ዓመት ሰዎች አፍ ላይ ነበር። የጠየቃቸው ነው የጠፋው።

ፈረንሳዊው ደራሲና አብራሪ አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪም ጁላይ 31 ቀን 1944 ከነአውሮፕላኑ ሲጠፋ ለግማሽ ምዕት ዓመት እንዲሁ "ምስጢር" ነበር። በ1998 አንድ ዓሣ አጥማጅ ማርሴይ አካባቢ በመረቡ ስሙ ያለበትን የእጅ ሰንሰለት አወጣ። አውሮፕላኑም ተገኝቶ በ2004 የእሱ መሆኑ ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ቤተሰቦቹ ልምጣ። ተስፋ ቆርጠው ተቀበሉት ይላሉ ጸሐፊው። ማንኛቸው? የፍራንክሊን ባለቤት ሌዲ ጄን መንግሥት ፍለጋውን ሲተወው ፎክስ የምትባል መርከብ ገዝተው ራሳቸው ላኩ። ባለቤታቸው ጁን 11 ቀን 1847 መሞታቸውን የሚናገረው ወረቀት በ1859 የተገኘው በዚያ ጉዞ ነው። የቻርለስ ቴይለርም እናት የባሕር ኃይሉ ጥፋቱን ልጃቸው ላይ ሲጥል ዝም አላሉም። አውሮፕላኖቹ ሳይገኙ ልጄን መውቀስ አትችሉም ብለው ተከራከሩ። ባሕር ኃይሉም ውሳኔውን "ምክንያቱ ያልታወቀ" ብሎ ቀየረው። ጸሐፊው ይህን ሐረግ የምስጢሩ ማረጋገጫ አድርገው ጠቅሰውታል። ሐረጉ ግን አንዲት እናት ለልጃቸው ስም ታግለው ያገኙት ነው።

ጸሐፊው ከስድስቱ ታሪኮች ውስጥ አንድም ሰው በሰው እጅ የጠፋበትን አለማንሳታቸውም ይቆረቁረኛል። ከባሕርና ከሰማይ ይልቅ ብዙ ሰው ያጠፋው ሰው ነው። አርጀንቲና ውስጥ ከ1976 እስከ 1983 የነበረው ወታደራዊ አገዛዝ ሰዎችን ከቤታቸውና ከመንገድ እያነሳ ሰወረ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 8,961 ሰዎችን መዝግቧል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን እስከ 30,000 ያደርሱታል። የአገዛዙ መሪ ቪዴላ በ1979 ስለነዚህ ሰዎች ሲጠየቅ የጠፋ ሰው ህልውና የለውም፣ ሞቷልም አይባል በሕይወት አለም አይባል፣ ጠፍቷል ብሎ መለሰ።

ኤፕሪል 30 ቀን 1977 ልጆቻቸው የጠፉባቸው 14 ሴቶች ቦነስ አይረስ ፕላዛ ዴ ማዮ አደባባይ ላይ ቆሙ። ፖሊስ ቆሞ መሰብሰብ ክልክል ነው ሲላቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው መዞር ጀመሩ። በኋላ ነጭ ሻሽ አሰሩ። ካሰባሰቧቸው አንዷ አሱሴና ቪያፍሎር ናቸው። ልጃቸውን ነበር የሚፈልጉት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ራሳቸው ታፈኑና ጠፉ።

አስከሬናቸውን ባሕር ወደ ዳርቻ አውጥቶት ኖሮ፣ ስም በሌለው መቃብር ተቀብሮ ነበር። የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች ቡድን ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ አጥንቱን መርምሮ ማንነታቸውን ለየ። አመዳቸው በዚያው ዓመት ፕላዛ ዴ ማዮ ላይ፣ ከእናቶቹ ጋር ይዞሩበት በነበረው ሐውልት ሥር ተቀበረ።